አንድ እናት ቅጂ፣ አርባ ማሽኖች፦ የሲስተም ምስል ማኅደር አዘገጃጀት ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ የኮምፒውተር ክፍሎች

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በዩኒክስና ከዩኒክስ በተገኙ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ የሲስተም ምስል ማኅደር እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ያለ ሰው እጅ በብዙ ማሽኖች ላይ እንዴት እንደሚጫንና በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ለሚገኝ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ምን ጥቅምና ስጋት እንዳለው ያብራራል። ማብራሪያው በሶላሪስ የፍላሽ ማኅደር አሠራር ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በሊኑክስ የሚገኙ ተመሳሳይ ዘዴዎችንና በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የተሠራጩትን የኤክስኦ ላፕቶፖች ለማነጻጸሪያነት ያቀርባል። የጽሑፉ ማዕከላዊ ሐሳብ፣ ጥሩ ማኅደር ማለት ሁሉንም የያዘ ሳይሆን ለሁሉም የጋራ የሆነውን ከእያንዳንዱ ማሽን መለያ ለይቶ የያዘ ነው የሚል ነው።

1. መግቢያ

አንድን ኮምፒውተር በእጅ መጫን ከባድ ሥራ አይደለም። ዲስኩ ይከፋፈላል፣ ቋንቋና የሰዓት ክልል ይመረጣል፣ የተጠቃሚ ስም ይሰጣል፣ የአማርኛ መጻፊያ ይገባል፣ የመማሪያ ፕሮግራሞች ይጫናሉ። ይህ ሁሉ ለአንድ ማሽን 2 ሰዓት ይፈጃል ቢባል፣ 40 ማሽኖች ላሉት ክፍል 80 ሰዓት፣ ማለትም በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ አንድ ባለሙያ 10 የሥራ ቀናት ይጠይቃል። ከድካሙ ይልቅ የሚከፋው ውጤቱ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ በእጅ የተጫኑ አርባ ማሽኖች አርባ ዓይነት ይሆናሉ። በአንዱ ላይ የቁልፍ ገበታው ይረሳል፣ በሌላው ላይ ሰዓቱ ይሳሳታል፣ በሦስተኛው ላይ አንድ ፕሮግራም ይጎድላል። ከዚያ በኋላ ተማሪው የሚያየው ብልሽት ከየት እንደመጣ ለማወቅ እያንዳንዱን ማሽን ለብቻው መመርመር ግድ ይሆናል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ይህ ችግር ሌላ ክብደት ይጨምራል። ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ባለሙያ ፍለጋ ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ የአንድ ሰዓት ጉዳይ አይደለም። መልክዓ ምድሩም የራሱ ድርሻ አለው። የተለመደው ሃርድ ዲስክ የሚሠራው የንባብ ራሱ በሚሽከረከረው ገጽ ላይ በስስ የአየር ትራስ ተንሳፎ ነው፤ በመሆኑም ብዙ አምራቾች ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ዲስኮች የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ወሰን 3048 ሜትር ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የጓሳ አምባ ደግሞ ከዚህ ወሰን ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ወደ ገጹ ይቀርባል፣ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ነፋስም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በዚህ ደጋ ላይ የሚሠራ ክፍል ዲስክ እንደሚበላሽ አስቀድሞ ማሰብና ማሽኑን በአጭር ጊዜ መልሶ ለማቆም መዘጋጀት ይኖርበታል። ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌላቸው ዲስኮች ከዚህ ስጋት ነጻ ናቸው፤ በየክፍሉ የተቀመጡት ማሽኖች ግን ሁልጊዜ እነዚህን አይዙም።

2. የሲስተም ምስል ማኅደር ምንነት

የሲስተም ምስል ማኅደር ማለት በአንድ ማሽን ላይ ተጭኖ፣ ተስተካክሎና ተፈትኖ ያለቀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከነፕሮግራሞቹ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ነው። ምስሉ የተወሰደበት ማሽን እናት ማሽን፣ ምስሉ የሚጫንባቸው ደግሞ ተቀባይ ማሽኖች ሊባሉ ይችላሉ። ነገሩ ለአካባቢው ባህል እንግዳ አይደለም። በገዳማትና በአድባራት ጸሐፊው ብራናውን ዘርግቶ ከእናት መጽሐፍ ሲገለብጥ፣ በእናቱ ውስጥ የነበረች አንዲት ግድፈት ወደ ቅጂዎቹ ሁሉ ትሻገራለች። በማኅደርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ አርባው ቅጂ በአንድ ጀንበር መድረሱ ነው።

ማኅደር የሚዘጋጅባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ዲስኩን በየብሎኩ እንዳለ መገልበጥ ነው። ይህ መንገድ ቀላልና ታማኝ ቢሆንም፣ የተቀባዩ ዲስክ ከእናቱ ዲስክ ቢያንስ እኩል መጠን እንዲኖረው ይጠይቃል። ሁለተኛው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ መጠቅለል ነው። በዚህ መንገድ ዲስኩ በተቀባዩ ማሽን ላይ እንደ አዲስ ስለሚከፋፈል የመጠን ልዩነት አያስቸግርም። በልገሳ ከተለያየ ቦታ የመጡና ዲስካቸው የማይመሳሰል ማሽኖች ላሉት ክፍል የተሻለው ይህ ሁለተኛው ነው።

የሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ በሶላሪስ 8 ዘመን ያስተዋወቀው የፍላሽ ማኅደር የዚህ ሁለተኛ መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማኅደሩ በክፍሎች የተደራጀ ነው። በመጀመሪያ ፋይሉ የፍላሽ ማኅደር መሆኑን የሚያስታውቅ ምልክት ይገኛል። ቀጥሎ መታወቂያው ይመጣል፤ በዚህ ውስጥ የማኅደሩ ስም፣ የተዘጋጀበት ቀን፣ የእናት ማሽኑ ዓይነትና ማኅደሩ የሚስማማቸው የማሽን ቤተሰቦች ይመዘገባሉ። ካስፈለገ አዘጋጁ የራሱን ማስታወሻ የሚያክልበት ክፍል አለ። በመጨረሻ ፋይሎቹ በሲፒአይኦ ቅርጽ ተጠቅልለው፣ ከተፈለገም ተጨምቀው ይቀመጣሉ። መታወቂያው ለይስሙላ የገባ አይደለም። ለስፓርክ ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ማኅደር በኢንቴል ማሽን ላይ ሊሠራ ስለማይችል፣ ጫኚው ዲስኩን ከመንካቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን የሚያገኘው ከዚያ ነው።

3. እናት ማሽኑን ማዘጋጀት

የሥራው ትልቁ ድርሻ ማኅደሩ ከመፈጠሩ በፊት ያልቃል። እናት ማሽኑ ላይ የሚጫነው ሁሉ ለአርባ ማሽኖች የሚጫን መሆኑ ስለሚታወቅ፣ የሚያስፈልገው ብቻ ገብቶ የማያስፈልገው መውጣት አለበት።

ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤት በእናት ማሽኑ ላይ መረጋገጥ ያለባቸው ጉዳዮች ግልጽ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ቦታውን ካገኘ ወዲህ በዩኒክስ ቤተሰብ ሲስተሞች ላይ አማርኛ መጻፍ ልዩ ፕሮግራም አይጠይቅም፤ ይሁን እንጂ የፊደል ቅርጹና የቁልፍ ገበታው መኖራቸውን ጽፎ ማየት ያስፈልጋል። የሰዓት ክልሉ የአዲስ አበባ መሆን አለበት፤ ይህም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል፣ በክረምትና በበጋም አይለወጥም። ኮምፒውተሩ ጊዜን የሚቆጥረው በውስጥ በጎርጎርዮስ አቆጣጠርና ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት የሚፈለግ ከሆነ ይህ በማሳያው ላይ እንጂ በሲስተሙ ሰዓት ላይ መስተካከል የለበትም። ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ወይም ቀኑን በሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ መመለስ የፋይሎችን ቅደም ተከተልና የምስጢር ሰርተፍኬቶችን ፍተሻ ያናጋል።

ቀጥሎ ምን እንደማይገባ ይወሰናል። ጊዜያዊ ፋይሎች፣ የኅትመት ወረፋ፣ የመዝገብ ፋይሎች፣ የፈተና ተጠቃሚው የግል ማኅደርና ከሌላ ሰርቨር በኔትወርክ የተያያዙ አቃፊዎች መውጣት አለባቸው። የሶላሪሱ ትእዛዝ የማይገቡትን አቃፊዎች በስማቸው ለይቶ ለማስቀረት ያስችላል። በመጨረሻም ምስሉ በሚወሰድበት ጊዜ ማሽኑ ሥራ ላይ መሆን የለበትም። አንድ ፋይል እየተጻፈ ሳለ ከተገለበጠ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆኖ ይቀራልና ማሽኑን በነጠላ ተጠቃሚ ደረጃ አስነስቶ ማኅደሩን መፍጠር ይመረጣል።

4. ያለ ሰው እጅ መጫን

ማኅደር ብቻውን ራሱን አይጭንም። ጫኚው ፕሮግራም ሰው ቢኖር ኖሮ የሚጠይቀውን ሁሉ አስቀድሞ የሚመልሱ ፋይሎች ያስፈልጋሉ። የሶላሪስ ጃምፕስታርት ይህን በሦስት ከፍሎ ያስተናግዳል።

የመጀመሪያው የደንብ ፋይል ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድን የማሽን ዓይነት በስሙ፣ በአድራሻው፣ በማስታወሻ መጠኑ ወይም በዲስኩ ይገልጽና የትኛው የአጫጫን መግለጫ እንደሚመለከተው ይናገራል። ጫኚው መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ያነብና መጀመሪያ የገጠመውን ይወስዳል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆነው ጠቅላላ ደንብ ከላይ ከተጻፈ ከሥሩ ያሉት ልዩ ደንቦች ፈጽሞ አይነበቡም። ልዩው ቀድሞ፣ ጠቅላላው መጨረሻ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ፋይሉ ከተጻፈ በኋላ በተዘጋጀለት የፍተሻ ፕሮግራም ተመርምሮ የጸደቀ ቅጂ ይወጣለታል፤ ጫኚው የሚያነበውም ይህንኑ የጸደቀውን ነው። የደንብ ፋይሉን አርሞ ፍተሻውን መድገም የዘነጋ ባለሙያ እርማቱ ለምን እንዳልሠራ ሲፈልግ ይውላል።

ሁለተኛው የአጫጫን መግለጫ ነው። በዚህ ውስጥ ጭነቱ በፍላሽ ማኅደር መሆኑ፣ ማኅደሩ የሚገኝበት ቦታና የዲስኩ አከፋፈል ይጻፋሉ። ማኅደሩ በኔትወርክ ፋይል ሰርቨር፣ በድር ሰርቨር፣ በቴፕ ወይም በማሽኑ ላይ በተሰካ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ በሌለበት ትምህርት ቤት ይህ የመጨረሻው አማራጭ ዋናው መንገድ ይሆናል።

ሦስተኛው የማሽኑን መለያ የሚመልሰው ፋይል ነው፤ ቋንቋ፣ የሰዓት ክልል፣ የኔትወርክ አድራሻና የዋና አስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በዚህ ይሞላሉ። ከሚጠየቁት አንዱ እንኳ ቢጎድል ጫኚው ቆሞ ሰው እስኪመልስለት ይጠብቃል። አርባ ማሽኖች አርባ ጥያቄ ይዘው ሲቆሙ ማየት በዚህ ሥራ ከተለመዱት መሰናክሎች አንዱ ነው። መድኃኒቱም አርባውን ከማስነሳት በፊት አንዱን ማስነሳትና እጅን አጣምሮ እስከ ፍጻሜው መመልከት ነው።

በሊኑክስ ዓለምም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። የሬድ ሃት ቤተሰብ ኪክስታርት፣ የዴቢያን ደግሞ ፕሪሲድ የሚባሉ የመልስ ፋይሎች አሏቸው፤ ክሎንዚላ ደግሞ ምስል ወስዶ ለብዙ ማሽን ለማደል ይጠቅማል። ሶላሪስም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው በ11ኛው ትውልዱ ጃምፕስታርትን በሌላ ራስ ጫኚ ተክቶ፣ በ2014 በ11.2 የተዋሐደ ማኅደር የሚባለውን አምጥቷል። ይህ አዲሱ ማኅደር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የማሽኑን መለያ አራግፎ ለማባዛት፣ ሌላው መለያውን እንደያዘ ያንኑ ማሽን ከብልሽት ለማዳን የሚውል ነው። ክፍፍሉ የሚያሳየው ነገር ቀጥሎ የሚመጣውን ጉዳይ ክብደት ነው።

5. መለያን ከጋራው መለየት

ሁለት ማሽኖች አንድ ዓይነት ሲስተም ሊኖራቸው ይገባል፤ አንድ ዓይነት ማንነት ግን ሊኖራቸው አይገባም። በዛሬዎቹ የሊኑክስ ሲስተሞች እያንዳንዱ ማሽን በመጀመሪያው ጭነት የሚያገኘው የራሱ የመለያ ቁጥር አለው። ይህ ቁጥር ከእናት ማሽኑ ጋር ተገልብጦ ከሄደ፣ በአንዳንድ አወቃቀሮች አድራሻ አዳዩ ሰርቨር አርባውን ማሽን እንደ አንድ ቆጥሮ ለሁሉም አንድ አድራሻ ይሰጣል። ማሽኖቹም እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምስሉ ከመወሰዱ በፊት የመለያ ፋይሉን ባዶ ማድረግ ነው፤ ማሽኑ በመጀመሪያ ሲነሣ አዲስ ቁጥር ራሱ ይፈጥራል።

ከርቀት መግቢያ የሆነው የኤስኤስኤች ቁልፍም እንዲሁ ነው። አርባ ማሽኖች አንድ ቁልፍ ከተጋሩ፣ የአንዱን ቁልፍ ያገኘ ሰው ራሱን የሌላው ማሽን አስመስሎ ማቅረብ ይችላል። እነዚህ ቁልፎች ከማኅደሩ ወጥተው በየተቀባዩ እንደ አዲስ መፈጠር አለባቸው። የዲስክ ክፍልፍሎች መለያም ጥንቃቄ ይሻል። ፋይል በፋይል የተዘጋጀ ማኅደር አዲስ በተቀረጸ ዲስክ ላይ ሲፈታ የክፍልፍሉ መለያ ይለወጣልና፣ አሮጌውን መለያ የሚጠራው የማያያዣ ሰንጠረዥ ካልታረመ ማሽኑ አይነሣም። ለእናት ማሽኑ ዕቃዎች ብቻ ተቆርጦ የተዘጋጀ የማስነሻ ፋይልም በሌላ ሞዴል ላይ ዲስኩን ሳያገኘው ሊቀር ይችላል።

ይህን መርሕ በግልጽ ያሳየ ሥራ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ታይቷል። በ2000 ዓ.ም. እና በ2001 ዓ.ም. አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ የኤክስኦ ላፕቶፖች በኢትዮጵያ ተሠራጭተው ነበር። እነዚህ በፌዶራ ሊኑክስ ላይ የተገነቡ፣ 256 ሜጋባይት ማስታወሻና 1 ጊጋባይት የፍላሽ ማከማቻ የነበራቸው አነስተኛ ማሽኖች ነበሩ። ሲስተሙን ለማደስ የሲስተም ምስሉ ያለበት ፍላሽ ዲስክ ይሰካል፣ አራቱ የጨዋታ ቁልፎች በአንድነት ተይዘው ማሽኑ ይበራል፤ የውስጥ ፕሮግራሙ የምስሉን ፊርማ አረጋግጦ ራሱ ይጽፋል። የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ ቋንቋውና የቁልፍ ገበታው ዓይነት ግን በምስሉ ውስጥ አልነበሩም፤ በፋብሪካ በተለየ ማከማቻ ውስጥ ተጽፈው ነበር። ስለዚህ አንዱ ምስል በፔሩም በኢትዮጵያም ሲጫን፣ ማሽኑ የራሱን ገበታ ከራሱ ያነብ ነበር። ጫኚው መምህር ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አልነበረም። ለሩቅ ትምህርት ቤት የሚመጥን አሠራር ይህ ነው።

6. ስሌቱ፦ ኔትወርክና ጊዜ

የተጨመቀው ማኅደር 4 ጊጋባይት ነው ቢባል፣ መጠኑ 32000 ሜጋቢት ይሆናል። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚያወርድ የኢንተርኔት መስመር ይህን አንድ ጊዜ ማውረድ 16000 ሴኮንድ፣ ማለትም 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። አርባው ማሽን እያንዳንዱ ከኢንተርኔት ያውርድ ቢባል ከ7 ቀን በላይ ያለማቋረጥ ማውረድ ይጠይቃል። ማኅደሩ አንድ ጊዜ ወደ ክፍሉ ሰርቨር ከገባ ግን ኢንተርኔቱ ከሒሳቡ ይወጣል።

በክፍሉ ውስጥ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ኔትወርክ በተግባር በሴኮንድ 10 ሜጋባይት ያህል ያደርሳል። አንድ ማሽን ማኅደሩን በ400 ሴኮንድ፣ ከ7 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይቀበላል። አርባው በአንድ ጊዜ ቢጠይቁ ግን ሰርቨሩ 160 ጊጋባይት በዚያው አንድ መስመር ማሳለፍ ስላለበት ሥራው 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሰርቨሩ የተገናኘበት መስመር ወደ 1000 ሜጋቢት ካደገ ጊዜው ወደ ግማሽ ሰዓት ይወርዳል። ሌላው መንገድ ስርጭት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ሲተላለፍ የነበረውን የፕላዝማ ትምህርት ማስታወስ ይቻላል፤ አስተማሪው አንድ ጊዜ ይናገራል፣ ክፍሎቹ ሁሉ በአንድነት ይሰማሉ። በዚህ ዘዴ ማኅደሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይላካል፣ አርባውም አብረው ይቀበላሉ። ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፤ ሁሉም የሚጓዙት በደካማው ማሽን ፍጥነት ነው። አንድ የተበላሸ ገመድ ክፍሉን በሙሉ ያስጠብቃል።

ኔትወርክ ከሌለ ማኅደሩ በፍላሽ ዲስክ ይጓዛል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ወጥመድ አለ። ብዙ ፍላሽ ዲስኮች የሚቀረጹበት ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት ያነሰ ፋይል ብቻ ይቀበላልና፣ ማኅደሩ ተከፋፍሎ መቀመጥ ወይም ዲስኩ በሌላ ቅርጽ መቀረጽ አለበት። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ግሼ ከደረሰ በኋላ ይህን ማወቅ መንገዱን መድገም ይሆናል። ከጉዞ በፊት የማኅደሩን የማረጋገጫ ቁጥር አስልቶ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ማነጻጸርም የዚሁ ጥንቃቄ ክፍል ነው።

7. ስጋቶች

መብራት በጭነት መካከል ቢጠፋ ዲስኩ ከግማሽ ይቀራል። በራስ ሰር ጭነት ይህ ጥፋት የከፋ አይደለም፤ ማሽኑ ሲነሣ ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል። የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ አንድ ብቻ ካለ ለሰርቨሩና ለኔትወርክ ማከፋፈያው መሰጠት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ስጋት ከመብራት የከፋ ነው። ማሽኖቹ ሁልጊዜ ከኔትወርክ እንዲነሡ ተደርገው ሰርቨሩም ሁልጊዜ ጫን የሚል መልስ የሚሰጥ ከሆነ፣ ማሽኖቹ በተነሡ ቁጥር ራሳቸውን አጥፍተው እንደገና ይጭናሉ። ተማሪው ትናንት ያስቀመጠው ሥራ ዛሬ አይገኝም። ስለዚህ ጭነቱ እንዳለቀ ሰርቨሩ ከራስህ ዲስክ ተነሣ የሚል መልስ እንዲሰጥ መለወጥ፣ የተማሪዎች ፋይሎችም በተለየ ክፍልፍል ወይም በሰርቨሩ ላይ ተቀምጠው ያ ክፍልፍል እንዳይቀረጽ በመግለጫው ውስጥ መጻፍ ይገባል።

ሦስተኛው ስጋት የጊዜ ነው። ማኅደር ያረጃል፤ የደኅንነት እርማቶች ይወጣሉ፣ ፕሮግራሞች ይታደሳሉ። ሶላሪስ ለዚህ የልዩነት ማኅደር ያዘጋጃል፤ አሮጌው እናት ከአዲሱ ጋር ተነጻጽሮ የተለወጠው ብቻ ይላካል። ጥቅሙ ትልቅ ቢሆንም፣ ተቀባዩ ማሽን በእጅ ተነካክቶ ከመጀመሪያው ምስል ከራቀ ማደሱ አይሳካም። ይህም ለክፍሉ ኃላፊ ሥነ ሥርዓት ያስተምራል፤ ማስተካከያ የሚደረገው በእናት ማሽኑ ላይ እንጂ በየተቀባዩ ላይ አይደለም። ከአዲሱ ማኅደር ጎን የቀድሞው፣ መሥራቱ የተረጋገጠው ማኅደር ሳይጠፋ መቀመጥም አለበት።

8. ማጠቃለያ

የሲስተም ምስል ማኅደር የአሥር ቀን ሥራን ወደ አንድ ግማሽ ቀን ያወርዳል። ዋናው ትርፍ ግን ከዚያ ይልቃል፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው እውቀት ከአንድ ባለሙያ ጭንቅላት ወጥቶ በፋይል ይቀመጣል። ያ መምህር ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር፣ ተተኪው ማኅደሩንና ሦስቱን የመልስ ፋይሎች ካገኘ የተበላሸውን ማሽን በዚያው ቀን ማስነሣት ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን አራት ነገሮች አስቀድመው መሟላት አለባቸው፦ በአማርኛ ተጽፎበት የተፈተነ እናት ማሽን፣ ከመለያ የጸዳ ማኅደር፣ በአንድ ማሽን ላይ እስከ ፍጻሜው የታየ ሙከራ፣ እና ከሰርቨሩ ውጭ በሌላ ዲስክ የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከ3000 ሜትር በላይ ላይ የማኅደሩ ብቸኛ ማደሪያ አንድ የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነ፣ ሁሉንም ማሽኖች የሚያድነው ማኅደር ራሱን የሚያድንለት ያጣል።